ወፌን ማን እንደገደላት

ወፌን የገደሏት አክስቴ ናቸው። በአቮካዶ፤ በጉርሻ።

ይህን ነገር ቤታችን ውስጥ ማንም እንዲህ በግልጽ አልተናገረውም። አባዬ «ቀኗ ደርሶ ነው» አለ። እማዬ «ምን ይደረግ፣ አላህ ያለው ሆነ» አለች። አክስቴ ራሳቸው ሲያነሷት «ያቺ የሞተችው» ነበር የሚሏት፤ ማንም ሳይነካት ሻንጣዋን ይዛ የሄደች ይመስል። እኔ ግን አማርኛ መጻፍ ከተማርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ እስክሪብቶ ስይዝ ደግሞ ደስታው ራሱ አያስቆመኝም። ስለዚህ እንደሆነው አድርጌ እጽፈዋለሁ። ስም ግን አልጠራም፤ የማንንም። የወፏንም አልጽፍም፤ የሷን ብቻ ጽፌ የሌሎቹን ብተው አድልዎ ይሆንብኛል።

የምንኖረው ከአገር ውጭ፣ ሉጋንዳ በሚነገርበት ከተማ፣ ኪሱጉ የሚባል ሰፈር ነው። ቤታችን ሁለት መኝታ ቤት፣ ከፊቱ በረንዳ፣ ከጎኑ ደግሞ የአከራያችን ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ አለው። ዛፉ ፍሬ ሲይዝ ቆርቆሯችን ላይ ቀኑን ሙሉ ድው፣ ድው ይላል፤ ያልለመደ ሰው ይበረግጋል። አባዬ ኪኩቦ የሚባለው ገበያ ውስጥ አንሶላና ብርድ ልብስ በጅምላ ይሸጣል፤ እማዬም እስከ ከሰዓት በኋላ አብራው ሱቅ ናት።

ወፏን የሰጡን ጎረቤቶቻችን ናቸው። ባልየው አየር መንገድ ይሠራ ነበር፤ ወደ ሌላ አገር ሲዛወር ሚስቱ የሽቦ ቤቷን እንዳለ አቅፋ አመጣችልኝ። ትንሽዬ በቀቀን ነበረች፤ ሆዷ አረንጓዴ፣ ጭንቅላቷ ቢጫ፣ ጉንጮቿ ላይ በእስክሪብቶ ነካ ነካ የተደረጉ የሚመስሉ ሰማያዊ ነጥቦች ነበሯት። የሰው ቃል ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። መብራት ሊያልቅ ሲል ቆጣሪው የሚያሰማውን ጢጥ ጢጥ ግን ከቆጣሪው አሳምራ ትለዋለች። አባዬ ስንት ቀን ከራቱ ላይ ተነስቶ ወደ ቆጣሪው ሮጧል! ተመልሶ ሲቀመጥ ትደግምለታለች። ጠዋት የምትቀሰቅሰኝ እሷ፤ የቤት ሥራዬን ስሠራ ትከሻዬ ላይ ቆማ የደብተሬን ጠርዝ የምታኝክብኝም እሷ።

ሴትየዋ ስታስረክበኝ መጀመሪያ የነገረችኝ አንድ ነገር ነው። «ስለ ሌላው ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ፤ አቮካዶ ግን እንዳታስነኪያት። ለኛ ምግብ ነው፣ ለሷ መርዝ ነው።» አስቡት እንግዲህ፤ አቮካዶ በሚዘንብበት ግቢ! ያኔውኑ ካርቶን ቆርጬ፣ በቀይ ማርከር፣ በትልልቁ ማስጠንቀቂያ ጻፍኩና የሽቦ ቤቷ ላይ አሰርኩት። ከዚያ በኋላ ሥራዬን የጨረስኩ መሰለኝ።

አክስቴ የአባዬ ታላቅ እህት ናቸው። ወንድማቸውን ሊያዩ ለሁለት ወር ከደሴ መጡ፤ ማደሪያቸውም እኔ ክፍል ሆነ። ስለሳቸው ደግ ደጉን አስቀድሜ ልጻፍ፤ ኋላ ስናደድ እንዳይረሳኝ። አክስቴ ብቻቸውን መብላት አይችሉም። አይወዱም አላልኩም፤ አይችሉም። አንድ ቀን እማዬን ያደረሳት የቦዳ፣ የሞተር ታክሲ፣ ሾፌር በሩ ላይ ቆሞ ሞተሩን ሲያስነሳ፣ አክስቴ ምሳቸውን በረንዳው ላይ እየበሉ ነበር። ሮጠው ሄደው ሄልሜቱን አስወልቀው አጎረሱት። ሰውየው አፉ ሞልቶ ማመስገን አቅቶት እጁን እያወዛወዘ ሄደ። «ዓይኑ አርፎበት እንዴት ብቻዬን እውጣለሁ?» አሉ ሲመለሱ። ዓይን ያረፈበትን ምግብ ሳያካፍሉ መዋጥ ለሳቸው ከስርቆት አይለይም።

አቮካዶውም አስደነቃቸው። «ይሄ ሁሉ እንዲያው ከላይ ይወርዳል? ሰውም እንዲያው ያየዋል?» እያሉ በየጠዋቱ ይለቅሙታል። በጨውና በሚጥሚጣ ለውሰው በዳቦ ይበሉታል። በሳምንት ውስጥ ምሳቸው እሱው ሆኖ ቀረ።

ያን ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ወፌ የሽቦ ቤቷ ወለል ላይ ነበረች። ላባዋ ተነፋፍቶ ኳስ መስላለች፤ ጭራዋ ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ምንቃሯ ጥግ ላይ አረንጓዴ ነገር ደርቋል።

«አክስቴ፣ ምን አበሏት?»

«ምን አበላኋት? አንዲት ጉርሻ ነች።»

«የምን ጉርሻ?»

«የምበላትን ነዋ። ምሳዬን ስበላ አንገቷን እንዲህ፣ ደግሞ እንዲህ እያደረገች ታየኛለች። ነፍስ አይደለችም እንዴ? እያየችኝ ልዋጠው? ሚጥሚጣ ያልነካውን መርጬ፣ በጣቴ ጫፍ፣ ቀስ አድርጌ ነው የሰጠኋት። ደስ ብሏት ነው የበላችው።»

ሚጥሚጣ ያልነካውን መርጠው! ይህችን ነገር ሳስባት እስካሁን ልሳቅ ይሁን ልጩህ አላውቅም።

የአንድ የእንስሳት ሐኪም ስልክ ፈልጌ ደወልኩ። «ሙቀት ውስጥ አቆዪያት፤ ከዚያ በላይ ብዙ የሚደረግ የለም» አለኝ። ሹራቤ ውስጥ ከትቼ ደረቴ ላይ አቀፍኳት። በማግስቱ ጠዋት፣ ዩኒፎርሜን ለብሼ ቦርሳዬን አንግቼ ሳለሁ፣ እጄ ላይ አንዴ ተፈራገጠችና ዝም አለች።

እኔ ግን ዝም አላልኩም። ሦስቱም ቁርስ ላይ እያሉ ሳሎን ገባሁና «ገደሏት! እርስዎ ነዎት የገደሏት!» ብዬ ጮህኩ።

«አንቺ! አፍሽን ያዢ!» አለች እማዬ። «በእንግዳ ላይ?»

«እኔ?» አሉ አክስቴ ደረታቸውን ይዘው። «እኔ ነፍስ አጥፊ? በዚህ ዕድሜዬ?»

ተነስተው ክፍላችን ገቡ፤ በሩን ዘጉ፤ ምሳም አልበላም አሉ።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ወፏ ተረሳች። ቤቱ በሙሉ ያዘነው ለአክስቴ ምሳ ነው። እማዬ ሥራ ቀርታ፣ ሳህን ይዛ በሩ ላይ ቆማ «እትዬ፣ በሞቴ ትንሽ ይቅመሱ» ትላለች። አባዬ ከኪኩቦ በየሰዓቱ እየደወለ «በላች?» ይላል። ብቻቸውን መብላት የማይችሉ ሰው ጭራሽ አልበላም ማለታቸው ቀላል ነገር አይደለም፤ እሱ ገብቶኛል። ግን ማነው የሞተበት? እኔ ትምህርት ቤት ቀርቼ፣ የሞተች ወፍ በሹራብ ጠቅልዬ በረንዳ ላይ ተቀምጫለሁ። «አንቺስ በላሽ?» ያለኝ የለም።

አባዬ ከሥራ ሲመለስ መቆፈሪያ ይዞ ጓሮ ወጣ። ከሱቁ ባመጣው የአንሶላ ቁራጭ ጠቀለልናት። ጉድጓዱን ጥሩ አድርጎ ቆፈረልኝ፤ አባዬ መቆፈር ላይ ጎበዝ ነው። የሚያቅተው መናገር ነው።

«ቀኗ ደርሶ ነው፣ ልጄ። አክስትሽማ ሰበብ ሆነች እንጂ።»

«ባለፈው ፔርሙሱን ስሰብርስ? የፔርሙሱም ቀን ደርሶ ነበር?»

«እሱ ሌላ ነው።»

«"እጅሽ ይሰበር" ነው የተባልኩት። ሰበብ ሆና ነው ያለልኝ አልነበረም።»

«አንቺ ፔርሙሱን ስትሰብሪ ስልክሽ ላይ አፍጥጠሽ ነበር።»

«እሳቸውስ? ምን ላይ አፍጥጠው ነበር?»

 አፈሩን በጫማው ደለደለና ገባ።

የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አክስቴ ሆን ብለው እንዳላደረጉት አውቃለሁ፤ ማንም ሊያስረዳኝ አያስፈልግም። ሆን ተብሎ ያልተደረገ ነገር ግን ማንም ያላደረገው ነገር ነው ያለው ማነው? በኛ ቤት ልጅ ያጠፋው ነገር ሁሌ አጥፊ አለው። ትልቅ ሰው ሲያጠፋ ነገሩ በራሱ ይጠፋል። ብርጭቆ ከኔ እጅ ከወደቀ ጥዬው ነው፤ ከእማዬ እጅ ከወደቀ አምልጧት ነው። ሌላ ወፍ ይገዛልኝ አላልኩም። ይገረፉ፣ ይባረሩ አላልኩም፤ ምን ሆኜ! አንድ ነገር ብቻ ነው የፈለግሁት፤ ፊት ለፊቴ ቆመው «እኔ ነኝ» እንዲሉኝ።

አክስቴ ሁለት ቀን በሻይ ብቻ ሰነበቱ። በሦስተኛው ቀን አባዬ ሽማግሌ ጠራ።

ሽማግሌው ናሙዎንጎ ሰፈር ውስጥ ቅመም የሚሸጡ አዛውንት ናቸው፤ ሁሉም «ሃጂ» ይላቸዋል። የአገራችን ሰዎች በሱቅ ሲጣሉ፣ ባልና ሚስት ሲኮራረፉ የሚጠሩት እሳቸውን ነው። እኔማ ለወፌ የተጠሩ መስሎኝ ልቤ ዘለለ። እማዬ ወጥ ቤት ጠርታ አስረዳችኝ።

«ሲገቡ ሰላም ትያለሽ። ከዚያ የአክስትሽን ጉልበት ስመሽ "አፉ በሉኝ" ትያለሽ። አለቀ።»

«እኔ? እኔ ነኝ አፉ በሉኝ የምለው?»

«ነፍሰ ገዳይ ያልሽው አንቺ ነሻ!»

«ገደሏት ነው ያልኩት።»

«ታዲያ ልዩነቱ ምንድነው?»

ልዩነቱን ልነግራት አፌን ስከፍት የሻይ ትሪውን አስይዛ ገፋችኝ።

ሃጂ ሶፋው ላይ፣ አክስቴ ከፊት ለፊታቸው፣ አባዬ መሃል ሆኖ ተቀመጡ። እኔን ምንጣፉ ላይ አስቀመጡኝ። ከታች ሆኜ ሳያቸው ሁሉም ረጃጅሞች ነበሩ።

«ልጄ» አሉ ሃጂ፣ «አክስትሽን ምን አልሻቸው?»

«ገደሏት አልኩ።»

«ጮህሽ?»

«ጮህኩ።»

«ለጩኸቱ አፉ በሉኝ ትያለሽ?»

«ለጩኸቱ እላለሁ።»

«ለቀሪውስ?»

«ለቀሪው አልልም።»

«ያ ረቢ! ይቺ ልጅ!» አለች እማዬ ከወጥ ቤቱ በር ላይ።

ሃጂ አልተቆጡም። ሻያቸውን ፉት አሉና ወደ አክስቴ ዞሩ። «አንቱስ? ሰጥተዋታል?»

«ሰጥቻታለሁ። በሐሰት አልምልም። በፍቅር ነው የሰጠኋት።»

«ስለ ፍቅሩ አልጠየቅሁም።»

በደስታ ልዘል ምንም አልቀረኝም። አክስቴ ግን ቀጥ ብለው ተቀመጡ። «ታዲያ ማን ነገረኝ? በዚህ ቤት ውስጥ አቮካዶ አትስጪያት ያለኝ አንድ ሰው አለ? አንድ!»

«ተጽፏል!» አልኩ። «በቀይ! በትልልቁ! ቤቷ ላይ ታስሮ!»

ሮጬ ሄጄ ካርቶኑን አመጣሁና ሃጂ እጅ ላይ አኖርኩት። መነጽራቸውን አደረጉ። አራቁት፣ አቀረቡት።

«ይሄ የምን ጽሑፍ ነው?»

«እንግሊዝኛ።»

«ለማን ነው የጻፍሽው?»

«ለ... ለቤቱ ሰው።»

ሃጂ አባዬን አዩ፤ አባዬ ጣራውን አየ። እማዬን አዩ፤ እማዬ ወጥ ቤት ገባች።

«እኔማ የፋብሪካው ምልክት መስሎኝ ነበር» አሉ አክስቴ።

ጆሮዬ ነደደ። ያኔ አማርኛ መጻፍ እችል ነበር። ጀማሪ ስለነበርኩ ግን ፊደል አሳስቼ እንዳይሳቅብኝ ፈራሁ፤ እንግሊዝኛው የሚያምር መሰለኝ። ይሄ አንድ። ሁለተኛው የባሰ ነው። አክስቴ ሳምንቱን ሙሉ ከአልጋዬ ሁለት እርምጃ ርቀው ተኝተዋል። ስለ መምህሮቼ፣ ስለ ጓደኞቼ፣ ሮሌክስ የሚባለው ቻፓቲ በእንቁላል ተጠቅልሎ እንዴት እንደሚሠራ ሳይቀር አውርቼላቸዋለሁ። አቮካዶውን በየቀኑ ሲለቅሙ እያየሁ፣ «ለወፏ ግን አይሆንም» የምትለው ቃል ከአፌ አልወጣችም። ካርቶኑ ይነግራቸዋል ብዬ ነው። ይህን ድርሻዬን እወስዳለሁ። ውሰጂ ያለኝ ሳይኖር ነው የምወስደው፤ ይመዝገብልኝ።

«እንግዲህ» ብለው ሃጂ ካርቶኑን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ፣ «ልጅቷ በጩኸቷና በጽሑፏ የጥፋቱ ድርሻ አላት። እርስዎም ደግሞ...»

«በቃ፣ በቃ፣ ሃጂ!» አለ አባዬ ቶሎ ብሎ። «ሁሉም ጥፋቱን አውቋል። ዱዓ ያድርጉልን።»

ሁሉም ጥፋቱን አውቋል! የማን ጥፋት ነው የተነገረው? የኔ! ዱዓ ሆነ። እማዬ በዓይኗ አስነሳችኝ። የአክስቴን ጉልበት ስሜ «ስለጮህኩብዎ አፉ በሉኝ» አልኩ። «አፉ ብያለሁ፣ የኔ ሆድ» አሉና ግንባሬን ሳሙኝ።  ጎንበስ እንዳልኩ ትንሽ ጠበቅሁ፤ የሆነ ነገር ይጨምራሉ ብዬ። አልጨመሩም። እማዬ ምሳ አቀረበች፤ አክስቴ በሉ፤ መጀመሪያ ያጎረሱትም እኔን ነው። ቤቱ ሁሉ የያዘውን ትንፋሽ ለቀቀ። የኔ ግን እዚያው ደረቴ ውስጥ ቀረ።

ሃጂን እስከ በሩ ሸኘኋቸው። ቦዳው ላይ ሲወጡ ጎንበስ ብለው «ያንቺ እንደቀረ አውቃለሁ» አሉኝ። ሄዱም። ካወቁ ለምን አይመለሱም? እዚያው መንገዱ ላይ ቆሜ ጠጠር ስመታ ቆየሁ።

ከዚያ በኋላ ጨዋ ልጅ ሆንኩ። ጠዋት እንዴት አደሩ እላለሁ፤ ሻይ አቀርባለሁ፤ ጫማቸውን አስተካክላለሁ። ዓይናቸውን ግን አላይም። ቁጣዬ ጮኾ ሲያልቅ ወዴት እንደሚሄድ ያን ጊዜ አየሁት፤ እጅና እግር ውስጥ ገብቶ ሰውን በትሕትና ይቀጣል። እሳቸውም ማውራት ቀነሱ። አቮካዶ መልቀም አቆሙ፤ ወድቆ ወድቆ ግቢው ውስጥ በሰበሰ።

ሳምንት እንደሞላው ከትምህርት ቤት ቀደም ብዬ ተመለስኩ። አክስቴ በረንዳው ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀምጠዋል። ስልካቸውን እንደ መስታወት አፋቸው ፊት ይዘው ደሴ ላለችው ታናሽ እህታቸው የድምፅ መልእክት ይልካሉ። ይህ የየቀን ሥራቸው ነው፤ ማቶኬ ስለሚባለው የሚቀቀል ሙዝ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አባዬ መክሳት ያወራሉ። በሩ ላይ ቆሜ ጫማዬን ሳወልቅ ሰማሁ።

«...አይ፣ እኔስ እንቅልፍ አጥቻለሁ። የልጅቱን ወፍ በገዛ እጄ ገደልኩባት። አዎ፣ እኔው ነኝ፤ ሌላ ማን አለ? አጉርሼ። ለእነዚያም ንገሪያቸው፣ ለሁሉም ንገሪ፣ አልደብቅም...»

ለሁሉም ንገሪ! ደሴ በሙሉ ያውቃል። የአክስቴ ጎረቤቶች፣ የጎረቤቶቻቸው አማቶች፣ በሕይወቴ አይቻቸው የማላውቅ ሰዎች ወፌን ማን እንደገደላት ከአፋቸው ሰምተዋል። እኔ፣ የወፏ ባለቤት፣ ሁለት እርምጃ ርቄ የምተኛዋ፣ አልሰማሁም!

አንድ ጫማዬን በእጄ እንደያዝኩ ወጣሁ።

«አክስቴ፣ ለኔስ?»

ደንግጠው ዞሩ። «ምን ለአንቺስ?»

«ለኔም ይንገሩኝ። አሁን ለሷ እንዳሉት።»

ስልኩን አዩት፤ እኔን አዩኝ። ጣታቸው ከመቅጃው ላይ ሳይነሳ ቀርቶ ይህም ንግግር ወደ ደሴ መሄዱን ያወቅነው ኋላ ነው።

«ለልጅ እንዲህ ተብሎ አያውቅም» አሉ። «እናቴ ለኔ ብላኝ አታውቅም። ስንት ነገር አድርጋብኝ።»

«ወፏ ግን የሞተችብኝ እኔ ነኝ። ደሴ አይደለችም።»

ስልኩን ጭናቸው ላይ ደፉት። ሻሻቸውን ፈቱና መልሰው አሰሩት። ጎረቤት የሬዲዮ ሙዚቃ ይሰማል፤ አንዲት ሴት በሉጋንዳ ልጇን ትጣራለች። እኔ አልተንቀሳቀስኩም። ዘንድሮ ብቆም፣ ከርሞ ብቆም አልሄድም ብዬ ወስኛለሁ።

«ገደልኳት» አሉ። ድምፃቸው የድምፅ መልእክቱን ድምፅ አይመስልም፤ ቀጠን ያለ ነበር። «ጓደኛሽን። እኔ ነኝ። ገደልኩብሽ።»

ለዚህች ቀን ያዘጋጀሁት ትልቅ ንግግር ነበረኝ፤ ደብተሬ ጀርባ ላይ ጽፌው ነበር፣ ያውም በአማርኛ።  ከአፌ የወጣው ግን «እኔም በአማርኛ መጻፍ ነበረብኝ» ነው።

«ነበረብሽ» አሉ፤ ምንም አላዘኑልኝም።

«በአፌም መንገር ነበረብኝ።»

«እሱማ እንዴታ!»

ከዚያ ወንበራቸውን ወደኔ አዞሩ። «ተሠቃየች?»

ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አጠገባቸው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና ጀመርኩ። ላባዋ እንዴት እንደተነፋፋ፣ ውኃ በጠብታ ስሰጣት እንዴት እንዳልዋጠች፣ ልቧ ጣቴ ላይ ምን ያህል እንደሚፈጥን ነገርኳቸው። አላሳጠርኩላቸውም። እያንዳንዱን ሲሰሙ ፊታቸው ይጨማደዳል፤ ግን ዓይናቸውን ከዓይኔ አላነሱም፤ «ተይው» አላሉኝም። ሹራቡ ጋ ስደርስ የግቢው በር ተከፈተና አባዬ ገባ። አንድ ጫማ ያደረገች ልጅና የምታለቅስ እህት ሲያይ የያዘውን ፌስታል መሬት ጣለ።

«ምንድነው ደግሞ? በሉ፣ በሉ፣ ያለፈ ነገር አታንሱ። እትዬ፣ ተነሺ፣ ሻይ...»

«አንተ ተወን!» አሉ አክስቴ እንባቸውን ሳይጠርጉ። «እየነገረችኝ ነው።»

ወደኔም ዞረው፣ «ሹራቡ ውስጥ ከተትሻት። እሺ፣ ከዚያስ?»